ስለ ኢታኖል ከመፍረድ በፊት መቶኛው ይጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ከሸንኮራ አገዳና ከመሳሰሉት ስለሚነጠረው አልኮል፣ ስለ ኢታኖል ነዳጅ፣ በየጋዜጣው የሚወጣው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ሙገሳ ነው ወይ ክስ። የሚያሞግሰው «ቤንዚንን ይተካል» ይላል፤ የሚከሰው «ሞተር ይበላል» ይላል። ሁለቱም መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባውን ሳይጠይቁ ነው የሚፈርዱት። ስንት በመቶ? ለየትኛው መኪና? 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚንና 85 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ስማቸው ቢቀራረብም ለሞተር ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጋዜጣው ስለ ድብልቅ ነዳጅ በዘገበ ቁጥር መቶኛውን አብሮ ቢጽፍ ግማሹ ውዥንብር ይጠራል ብዬ ስለማምን፣ ቁጥሩ ለምን ያን ያህል እንደሚያስፈልግ ላስረዳ።

ማደያ ላይ የሚለጠፈው «ኢ10» በይዘት 10 እጅ ኢታኖልና 90 እጅ ቤንዚን ማለት ነው። ኢ20 እና ኢ85 በዚያው ስሌት ይነበባሉ፤ ሆኖም የአሜሪካው ኢ85 ስሙን በጥብቅ አይከተልም፤ እንደ አካባቢውና እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83 በመቶ ኢታኖል ሊይዝ ይችላል። በዚያው አገር ኢ15 እንዲሞላ የተፈቀደው ከ2001 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ለተመረቱ መኪኖችና ቀላል የጭነት ተሽከርካሪዎች ሲሆን፣ ለሞተር ብስክሌት፣ ለጀልባና ለሣር ማጨጃ አይፈቀድም። ከኢ10 ወደ ኢ15 ልዩነቱ አምስት ነጥብ ብቻ ነው፤ ገደቡ ግን እንደዚህ ጥብቅ ነው።

ከጉልበቱ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ሲኖረው አንድ ሊትር ኢታኖል ያለው 21 ገደማ ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው። ስለዚህ ኢ10 የሞላ መኪና በሊትር የሚሄደው ርቀት 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ብዙ ሹፌር አያስተውለውም። ኢ20 ላይ ቅናሹ 7 በመቶ ይጠጋል። ነዳጁ በእርግጥ 85 በመቶ ኢታኖል ከሆነ ግን 29 በመቶ ገደማ ይጎድላል፤ በቤንዚን በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 8 ተኩል ላይ ይቀራል። ብራዚላውያን ሹፌሮች ማደያ ሲደርሱ የሚያሰሉትም ይህንኑ ነው፤ የአንድ ሊትር ኢታኖል ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 70 በመቶ በታች ከሆነ ኢታኖል ይሞላሉ፣ ካለፈ ቤንዚን። «ኢታኖል ርካሽ ነው» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ በዚህ ስሌት ይፈተሽ።

ለኢታኖል የሚመሰገን ነገር የለም ማለት አይደለም። ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅሙ፣ 108 አካባቢ ስለሆነ ሞተሩ አያንኳኳም። በሚተንበት ጊዜ በክብደት ከቤንዚን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሙቀት ስለሚወስድ ወደ ሲሊንደር የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ይህን ጥቅም ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው ኮምፕሬሽኑ (አየርና ነዳጁን የሚያምቅበት መጠን) ከፍ ተደርጎ የተሠራ ሞተር ነው። ለተራ ቤንዚን የተሠራ ሞተር ኦክቴን ስለጨመሩለት ብቻ ጉልበት አይጨምርም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ አንድ ኪሎ ንጹህ ኢታኖል 9 ኪሎ ብቻ ይበቃዋል። ለኢ10 ቁጥሩ 14.1፣ ለኢ85 ደግሞ 9.8 ገደማ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ያው ስለሆነ፣ ኢ85 ሲሞላ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር በይዘት 40 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ መርጨት አለበት። የተራ ቤንዚን መኪና ኮምፒውተር ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ከሚለካው ሴንሰር በሚያገኘው መረጃ ነዳጁን መጨመር ይችላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 25 በመቶ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ገደቡን ይነካና የማስጠንቀቂያ መብራቱን ያበራል። ድብልቁ ነዳጅ ያነሰው ይሆናል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል። ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው ሲያልፍ ደግሞ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያቃጥላል። «ኢታኖል ሞተር በላ» ከሚባሉት ታሪኮች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት፣ ነዳጅና መኪና ሳይገናኙ የተፈጠሩ ናቸው።

ካርቡሬተር ያለው መኪናና ሞተር ብስክሌት ሴንሰር የለውም፤ የሚረጨው ነዳጁን በሚመጥነው ትንሽ ባለቀዳዳ ብሎን፣ በጂግለሩ፣ ቀዳዳ ልክ ነው። ኢ10 ላይ ልዩነቱ 4 በመቶ ያህል ስለሆነ በአብዛኛው ይታለፋል። ኢ20 ላይ ከ8 በመቶ በላይ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ ዲያሜትሩን 4 በመቶ ማሳደግ ይበቃል፤ 1.20 ሚሊ ሜትር የነበረው 1.25 ይሆናል። «8 በመቶ ነው» ብሎ ወደ 1.30 የሚወስደው ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ነዳጅም ያባክናል።

ውሃ ሰፊ ርዕስ ነው፤ ጥፋቱም ከፍተኛ ነው። ቤንዚንና ውሃ አይዋሃዱም፤ ንጹህ ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ይቀመጣል። ኢታኖል ግን ከሁለቱም ጋር ይዋሃዳል። ስለዚህ ኢ10 ትንሽ ውሃ ከገባበት አሟሙቶ ይዞት በሞተሩ በኩል ያስወጣዋል፤ ይህ እንዲያውም ጥሩ ጎኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከልኩ ሲያልፍ ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ኢ10 ሊይዝ የሚችለው ውሃ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ በ50 ሊትር ሰልባትዮ ሩብ ሊትር መሆኑ ነው። ነዳጁ ሲቀዘቅዝ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ ቀን ንጹህ የነበረው ሌሊት ሊለያይ ይችላል። ሲለያይ ታዲያ ኢታኖሉ ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። ከታች ውሃና ኢታኖል፣ ከላይ ኢታኖሉን ያጣ ቤንዚን ይቀራል። ፓምፑ የሚስበው ከታች ስለሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። የላይኛውም ቢሆን ኦክቴኑ ሁለት ሦስት ነጥብ ስለወረደ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሰልባትዮውን ማናወጥ ወይም አዲስ ነዳጅ ላዩ ላይ መጨመር አያድነውም። ነዳጁ ተቀድቶ ይወጣል፣ ሰልባትዮው ይጠረጋል፣ ፊልትሮው ይቀየራል።

«ኢታኖል ውሃ ከአየር ይስባል» የሚለው እውነት ቢሆንም ተጋኗል። የታሸገ ሰልባትዮ ከአየር ብቻ በሳምንታት ውስጥ ይህን ያህል ውሃ አይሰበስብም። ዋናዎቹ ጥፋተኞች ጎሚኒው ያለቀ የሰልባትዮ ክዳን፣ የእጥበት ውሃ፣ እና የማደያው የመሬት ውስጥ ታንክ ናቸው። ለወራት የሚቆም መኪና ካለ ሰልባትዮው ሞልቶ ይቁም፤ አየር የሚገባበት ቦታ ሲጠብ እርጥበቱም ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ብራዚል ውስጥ ብቻውን የሚሸጠው ኢታኖል 5 በመቶ ያህል ውሃ አለበት፤ መኪኖቹም በሰላም ይሄዳሉ። እዚያ የሚለይ ቤንዚን ስለሌለ ውሃው ከኢታኖሉ ጋር እንደተዋሃደ ይቀራል። ከቤንዚን ጋር የሚደባለቀው ኢታኖል ግን ከ99 በመቶ በላይ ንጹህ መሆን አለበት። ተራ ማጣሪያ በማፍላት ብቻ ከ95.6 በመቶ ክብደት በላይ ሊያነጥር አይችልም፤ ቀሪውን ውሃ ለማውጣት ሞለኪውላር ሲቭ የተባለ ውሃ መጣጭ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሕክምና አልኮል ወይም በቤት የተነጠረ አልኮል ቤንዚን ላይ ጨምሮ «ኢ10 ሠራሁ» ማለት ሰልባትዮ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ሌላው ኢታኖል የሚያጠቃው የዕቃ ዓይነት ነው። አሮጌ ሰልባትዮ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻ ስለሚያሟሟ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሌቶች ፊልትሮ ይደፍናሉ፤ ትርፍ ፊልትሮ መያዝ ነው። ከፍ ያለ ድብልቅ ከቤንዚን የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በዚህ ምክንያት አልሙኒየም፣ ዚንክና ማግኒዚየም በዝገት ይበላሉ። ውስጡ በእርሳስና ቆርቆሮ የተለበጠ አሮጌ ሰልባትዮም እንዲሁ። የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል፣ የቡሽ ጓርኒሲዮን ይኮማተራል፣ የአንዳንድ ካርቡሬተር ተንሳፋፊ ነዳጅ ጠጥቶ ስለሚከብድ ነዳጁ ይፈሳል። የሚቋቋሙት ቪቶን በመባል የሚታወቀው ጎማ፣ ናይለን፣ የማይዝግ ብረትና ጠንካራ ፖሊኢትሊን ናቸው። ኮፈኑ ሲከፈት የነዳጅ ሽታ ካለ መጀመሪያ ቱቦዎቹን መጨበጥ፤ የለሰለሰ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ ይቀየር።

ፍሌክስ ፊውል የሚባለው መኪና እንግዲህ ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ነው። ቤንዚን፣ ኢ85 ወይም የሁለቱን ማንኛውንም ቅይጥ በአንድ ሰልባትዮ ይቀበላል። ፓምፑ፣ ቱቦዎቹና ጎሚኒዎቹ ኢታኖል የሚችሉ ናቸው፣ ኢንጀክተሮቹ ሰፊ ናቸው፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ጠጠር ያሉ ናቸው። ኮምፒውተሩ መቶኛውን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንዳንዶቹ የነዳጅ መስመር ላይ ሴንሰር አላቸው፤ የኢታኖል ኤሌክትሪክ የመያዝ ባሕርይ ከቤንዚን አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ በዚያ ይለካል። በሰፊው የተለመደው ሴንሰር ለ0 በመቶ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምልክት)፣ ለ100 በመቶ 150 ኸርዝ ይልካል፤ 105 ኸርዝ ካነበበ ነዳጁ 55 በመቶ ኢታኖል ነው። ይህ ቁጥር የሚመጣው ለምሳሌ 20 ሊትር ኢ10 በቀረበት ሰልባትዮ ላይ 30 ሊትር ኢ85 ሲጨመር ነው፤ 2 ሊትር እና 25.5 ሊትር ኢታኖል በ50 ሊትር ውስጥ። ሴንሰር የሌላቸው ደግሞ ከሞሉ በኋላ ኦክስጅን ሴንሰሩን እያዩ ቀስ በቀስ ይማራሉ። እነዚህን ሞልቶ ወዲያው ማቆም ስህተት ነው፤ ኮምፒውተሩ ሳይማር ያደረ መኪና ጠዋት በአሮጌው ስሌት ሊነሳ ይሞክራል። የነዳጅ ዓይነት የቀየረ ሰው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ቢያቆም ይሻላል።

ጠዋት መነሳት ራሱ የኢታኖል ድክመት ነው። ንጹህ ኢታኖል የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጠው ከ13 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው፤ ኢ85 ውስጥ ቤንዚን የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። የብራዚል መኪኖች ለረጅም ጊዜ ኮፈን ሥር ትንሽ የቤንዚን ዕቃ ይዘው ነበር፤ ከ2009 ወዲህ ነዳጁን ኢንጀክተር ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያሞቅ መሣሪያ እየተካው መጥቷል። በብርድ እየተነሳ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ያልተቃጠለ ኢታኖልና ውሃ ወደ ዘይቱ ስለሚያወርድ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ማጠር አለበት።

በሁለቱም ነዳጅ የሚሄድ መኪና ያስፈለገው ለምን እንደሆነም ከብራዚል ይታያል። መንግሥት የአልኮል ፕሮግራሙን የጀመረው በ1975 ነው፤ በ1979 በኢታኖል ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ገበያ ገቡ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ስኳር ሲወደድ ፋብሪካዎች ወደ ስኳር ዞሩ፣ ማደያዎች ኢታኖል አጡ፣ ገዢውም ሸሸ። ገበያው ያገገመው በ2003 ቮልስዋገን ጎል ፍሌክስ ሆኖ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሹፌሩ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መሙላት ስለቻለ። ተራ ቤንዚናቸው ውስጥ የሚደባለቀው ኢታኖል በ2015 27 በመቶ፣ በ2025 ደግሞ 30 በመቶ ደርሷል። ፈረንሳይም በ2017 የቤንዚን መኪና ወደ ኢ85 የሚቀይሩ መሣሪያዎችን ፈቅዳለች፤ ግን የጸደቁ መሆን አለባቸው። ኢንጀክተሩን ረዘም አድርጎ ከመክፈት በቀር ሌላ የማይሠራ ርካሽ ሣጥን ቱቦና ጎሚኒ አይቀይርም፣ እሱን መግዛት አልመክርም።

መቶኛውን የሚጠራጠር ሰው ራሱ ሊለካ ይችላል። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለመስመር ብርጭቆ፣ 50 ሚሊ ሊትር ነዳጅ፣ 50 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ጨው ያለበት ውሃ። ደጋግሞ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አሥራ አምስት ደቂቃ ማስቀመጥ። ኢታኖሉ ወደ ውሃው ስለሚሄድ የታችኛው ክፍል ያድጋል፤ ያደገውን ሚሊ ሊትር በሁለት አባዝቶ አንድ መደመር ነው። ታችኛው ከ50 ወደ 63 ከወጣ፣ 13 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር 1፣ 27 በመቶ ይሆናል። ሥራው ከቤት ውጭ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ይሁን።

ማደያዎችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሚመለከት ነገር ልጨምር። ድብልቅ ነዳጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበል የመሬት ውስጥ ታንክ ከሥሩ ያለው ውሃ እስከ መጨረሻው መቀዳት አለበት። የተለየውን የውሃና የኢታኖል ቅይጥ ተራው የውሃ መፈለጊያ ቅባት (በመለኪያ ዘንግ ላይ ተቀብቶ ውሃ ሲነካው ቀለም የሚለውጠው) በደንብ ላያሳየው ስለሚችል ለኢታኖል የተዘጋጀው ይገዛ። ከኢ10 በላይ ለሆነ ነዳጅ እሳት ተራው አረፋ አይበቃም፤ ኢታኖሉ የአረፋውን ውሃ መጥጦ ያፈርሰዋል። አልኮል የሚቋቋም አረፋ ያስፈልጋል። የንጹህ ኢታኖል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን እምብዛም ስለማይታይ፣ በፈሰሰበት አካባቢ የሙቀት ንዝረት አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መጠጋት አይገባም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞተርና የነዳጅ ባለሙያ