ስለ ሊ ሱን ጄም ጻፉልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ኮሪያ ድራማ ሲጽፍ የሚያነሳው ወጣቶቹን ብቻ ነው። እነሱንም እወዳቸዋለሁ። ግን ብዙውን ታሪክ ተሸክመው የሚያልፉት አንጋፋዎቹ ናቸው። ለአንጋፋው ደቡብ ኮሪያዊ ተዋናይ ለሊ ሱን ጄ ቢያንስ አንድ ሙሉ ገጽ ይገባቸዋል።

የተወለዱት በ1934 እ.ኤ.አ. ዛሬ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ባለችው ሆርዮንግ ነው። በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምረዋል። በ1956 መድረክ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ትወናን አልተዉም። በ1990ዎቹ አንድ ዘመን የፓርላማ አባል ነበሩ፣ ከዚያ ወደ ሙያቸው ተመለሱ።

እኔን የያዘኝ «ሁ ጁን» ላይ ያሳዩት ብቃት ነው። በ1999 የተጀመረ ታሪካዊ ድራማ ነው። የዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የሐኪሙ ሁ ጁን መምህር ሆነው ተጫውተዋል። መምህሩ ሲሞት ተማሪው የሰውን የውስጥ አካል እንዲያጠናበት ገላውን ይሰጠዋል። ያን የመሰለ ቆፍጣና ሰው ሆነው የተወኑት ሊ፣ በ70ዎቹ ዕድሜያቸው ደግሞ በሲትኮም (በተከታታይ የቀልድ ድራማ) አገሩን በሳቅ አፈረሱት። በአንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ታጥሮ መቅረት የሚባል ነገር አያውቁም።

በ2021 ደግሞ ወደ 87 ዓመታቸው ላይ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር መድረክ ላይ ተጫወቱ። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ቴአትር! ያን ሁሉ ቃለ ተውኔት በዚያ ዕድሜ መያዝ ለወጣትም ከባድ ነው።

የደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ ማሰራጫ የሆነውን የኬቢኤስን ታላቅ የድራማ ሽልማት ሲቀበሉ 90 ደርሰው ነበር። በ2025 ኅዳር ወር አረፉ። እባካችሁ፣ ሥራዎቻቸውን ከየት መጀመር እንደሚሻል የሚጠቁም ጽሑፍ አውጡልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ