የጳጉሜን ልጆች የት ገቡ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ለጤና ጥናት የተሰበሰበ ዳታ አር ስቱዲዮ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አጸዳለሁ፣ እተነትናለሁ።

አምና ሥራ ከለቀቀ ባልደረባ አንድ ኮድ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፈ የትእዛዝ ዝርዝር፣ ተረከብኩ። 1,140 መስመር ነው። ርዕስ የለው፣ ማብራሪያ የለው። መብራት ስለሚሄድብን አሳትሜው ነበር፤ 23 ገጽ ሆነ። ወለሉ ላይ ዘርግቼ በእስክሪብቶ ስከፋፍለው ሦስት ቀን ፈጀ። ውጤቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ቅር አለኝ። የሕፃናቱ ልደት በወር ሲደረደር 12 ወር ብቻ ነው። ጳጉሜን የለችም።

ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩና ርዕስ መስጠት ጀመርኩ። አር ስቱዲዮ ላይ የማብራሪያ መስመር መጨረሻ አራት ሰረዝ (----) ካደረጋችሁ መስመሩ ርዕስ ይሆናል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኦ ስትጫኑ ማውጫው በጎን ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አዲን የሚባሉ ትንንሽ ተጨማሪዎችም አሉ። ስትርኮድ የሚባለው ርዕሶቹን በሦስት ደረጃ ያስቀምጥና የኮዱን አጽም ብቻ ለይቶ ያሳያል። ርዕሱን የሚያወጣው ግን ሰው ነው። የተሳሳተ ርዕስ ከሰጣችሁት የተሳሳተ አጽም ነው የምታዩት።

«ቀን መቀየር» ያልኩት ክፍል ውስጥ ገባሁ። ወሩ ከ12 በላይ ከሆነ ስህተት ነው ብሎ መዝገቡን ይጥላል። በቃ። 17 ሕፃናት ከጥናቱ ወጥተው ነበር። ከአንዱ ጎን መረጃ ሰብሳቢው «ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ለት» ብሎ ጽፎለታል። እናቱ ቀኑን ቆጥራ፣ አስታውሳ ነግራለች። እኛ ጣልነው። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

ኮዱን የጻፈውን ባልደረባዬን አልወቅሰውም። እኔንም ተማሪ ሳለሁ ማንም አላስተማረኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫ ከሌለው ይመለስብን ነበር። ኮዱን ግን «እስቲ አሳዩኝ» ያለን የለም። አማካሪ መምህራን እባካችሁ ኮዱንም ጠይቁ። ርዕስ ያለው፣ ሌላ ሰው ከፍቶ የሚያነበው ይሁን። ተማሪው ቢበዛ ግማሽ ቀን ቢያጠፋ ነው።

አሁን ያ ኮድ 24 ርዕስ አለው። ባለፈው ሳምንት ለአዲሷ ባልደረባዬ አስረከብኳት። ማውጫውን ከላይ እስከ ታች አየችና 11ኛው ላይ ቆመች። «ጳጉሜን» ይላል። «ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የዳታ ባለሙያ፣ ከጎንደር