«ያፈነዱታል» ሲባል እርስዎ የት ነበሩ? ለኮንግረስ ተወካያችን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የወረዳችን የኮንግረስ ተወካይ፣

በአማርኛ የምጽፍልዎት በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ስላልተነበበ ነው። ቢሮዎት አማርኛ የሚያነብ ሰው አያጣም። ዘንድሮ በሬ ላይ የተጣለው የቅስቀሳ ወረቀትዎ በአማርኛ ነበር፤ አንድ ፊደል እንኳን አልተሳሳተም። ያ ጎበዝ ተርጓሚ ያንብብልዎት።

ጉዳዩ ባለፈው ዓርብ፣ ኦክቶበር 23፣ 2020፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የተናገሩት ነው። ያን ቀን ምርጫው 11 ቀን ቀርቶት ነበር። ስለዚህ እኔ ንግግሩን የሰማሁት እንደ መራጭ ነው፤ የተናገሩትም ድምፄን የሚፈልጉ እጩ ናቸው። ሱዳንና እስራኤል ሊታረቁ ነው ተብሎ ዋይት ሃውስ ጋዜጠኛ ተጠርቷል። ኔታንያሁና የሱዳኑ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ስልክ ላይ ናቸው። በዚህ የእርቅ ቀን ሰውዬው ወደ ዓባይ ግድብ ዞሩ። ግብፅ እንዲህ ሆና መኖር አትችልም፣ መጨረሻ ላይ ግድቡን ታፈነዳዋለች አሉ። አምልጧቸው ነው እንዳንል ደገሙት። ጮክ ብዬ፣ በግልጽ ነው የምናገረው፣ ያፈነዱታል አሉ።

አሜሪካ ታፈነዳዋለች አላሉም፤ ይገባኛል። ግን እንዲህ ያለ ጦር የሚያዝ ሰው «ያፈነዱታል» ብሎ «እንዳትሞክሩት» ካላለ ሰሚው ምን ይረዳል? «ምታው አላልኩም፣ ብትመታው ግን አልፈርድብህም» ያለ ሽማግሌ እኛ ሰፈር ዳግመኛ ለሽምግልና አይጠራም።

ደግሞ ስልኩ ላይ ማን እንደነበረ ያስቡት። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፣ የሱዳን ድንበር አፍንጫ ሥር። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ ይይዛል። ያ ውኃ አንድ ቀን በፍንዳታ ቢለቀቅ መጀመሪያ የሚበላው ሱዳንን ነው። ሐምዶክን በአንድ አፍ እንኳን ደስ አለህ ይሏቸዋል፣ በዚያው አፍ አገራቸውን ጠራርጎ ስለሚወስድ ጎርፍ ያወራሉ።

ጃንዋሪ ላይ ቶሌዶ፣ ኦሃዮ በተደረገው የምርጫ ቅስቀሳ ሰውዬው «ስምምነት ፈጠርኩ፣ አንድ አገር አዳንኩ፣ የኖቤል ሽልማቱን የወሰደው ግን የዚያ አገር መሪ ነው» ሲሉ ስቀን ነበር። የምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ቪዲዮውን እየተቀባበልን ነው የሳቅነው። አሁን የሚስቅ የለም።

ወደ እርስዎ ልምጣ። አሜሪካ ለኢትዮጵያ ከምትሰጠው እርዳታ የተወሰነውን በግድቡ ምክንያት መያዟ ሲሰማ፣ ሴፕቴምበር ላይ ቢሮዎት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ጨዋ ነው። «ግድቡ የሚገኘው የትኛው ወረዳ ውስጥ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። ጻፍልን አለኝ፤ ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ በእርስዎ ፊርማ መልስ መጣ። ለንጹሕ ወንዞች ስለምቆረቆር አመሰገኑኝ። በአካባቢ ጥበቃ ሕግ ላይ የሠሩትን በዝርዝር ነገሩኝ። ወንዝና ግድብ የሚል ያየ ኮምፒውተር የመለሰልኝ ይመስለኛል፤ ሰው ከሆነማ የባሰ ነው። ይኼ አይደለም የጠየቅኩት ብዬ ድጋሚ ጻፍኩ። ያው ደብዳቤ፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ፣ መጣ። ከዓርቡ ንግግር በኋላም ጽፌያለሁ። ለዚያኛው ንጹሕ ወንዞቹ እንኳን አልመጡም።

ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርዎት። የመሠረት ድንጋዩ በፈረንጆቹ 2011 ከተቀመጠ በኋላ፣ ከፓርኪንግ የማታ ፈረቃ ካጠራቀምኩት 500 ዶላር ቆጥሬ የግድቡን ቦንድ ገዛሁ። ባለቤቴ ለመኪና ጎማ ያስቀመጥነው ነው ብላ ተቆጣችኝ። ብቻዬን አልነበርኩም። በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ፣ ቦንዱ እዚህ አገር ሳይመዘገብ ተሽጧል ብሎ የኢትዮጵያን የኤሌክትሪክ ድርጅት ሲይዝ፣ ከ3,100 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ መግዛታቸው ታወቀ። ድርጅቱ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አልተከራከርንም። ሕግ ነው አልን።

እንግዲህ ይፍረዱ። የፓርኪንግ ሠራተኛ ለሲሚንቶ 500 ዶላር ሲያዋጣ ምዝገባው የታለ ተብሎ ይጠየቃል። ሲሚንቶው ይፈነዳል ሲባል ግን የሚጠይቅ ጠፋ። ያዋጣነው ማን ማን እንደሆንን መንግሥታችሁ መዝገብ ላይ አለ። አብዛኞቻችን ዛሬ ዜጋ ነን፣ ግብር ከፋይ ነን፣ መራጭ ነን።

የውጭ ፖሊሲ የፕሬዚዳንቱ ሥራ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የእርዳታውን ገንዘብ የሚመድበው ግን ኮንግረስ ነው፤ ይህን ከእኔ አይማሩትም። ሰውዬው ኢትዮጵያ ስምምነቱን ካላከበረች ያን ገንዘብ አታየውም ብለዋል። ለእኛ ባይሉ እንኳን ለራስዎ ሥልጣን ብለው መቆጣት ነበረብዎት። ደግሞስ የቱ ስምምነት? በፌብሩዋሪ ኢትዮጵያ ባልተገኘችበት ስብሰባ፣ በግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ስቲቨን ምኑችን በኩል የቀረበው ወረቀት ነው። ኢትዮጵያ አልፈረመችበትም። ያልፈረሙትን ውል አፈረሱ ይባላል?

የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ገዱ አንዳርጋቸው ከንግግሩ በማግሥቱ አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካውን አምባሳደር ማይክ ሬይነርን ጠርተው ማብራሪያ ጠይቀዋል። እኔ አምባሳደር የምጠራበት ሥልጣን የለኝም። ያለኝ አንድ የኮንግረስ ተወካይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበራችን አዳራሽ መጥተው ዶሮ ወጥ ሲበሉ አጠገብዎ ነበርኩ። በእጅዎ በሉ፣ እሰይ አልን። «የእናንተ ጉዳይ የእኔም ጉዳይ ነው» ብለው ከሁላችን ጋር ፎቶ ተነሡ። ጉዳያችን ይኸውልዎ።

ብዙ አልጠየቅኩም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ላይ ውኃ ስለሚለቅ ጥቃት እንደ ቀላል ወሬ መናገርን እቃወማለሁ የሚል መግለጫ ያውጡ፣ በስምዎ። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ እናነበዋለን። ካልተቃወሙም ይህንኑ በግልጽ ይንገሩን።

የድምፅ መስጫ ወረቀቴ ቤት ተቀምጧል። የፕሬዚዳንቱን ቦታ ዓርብ ማታውኑ ሞልቼዋለሁ። የእርስዎ ስም ያለበት መስመር ግን እስካሁን ባዶ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከሥራ ስወጣ ወስጄ አስረክባለሁ። እስከዚያ መደወል ከፈለጉ ቢሮዎት ስልክ ቁጥሬ አለው።

አንድ መራጭ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ
ኦክቶበር 2020