ለብሔራዊ ባንክ፦ "ዲጂታል ገንዘብ" ስትሉ የትኛውን ነው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ስለ ምንዛሪና ስለ ኑሮ ውድነት የሚጽፍላችሁ ሞልቷል፣ እኔ የመጣሁት በአንድ ቃል ነው።

ባለፈው በርበሬ የሚሸጡ ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። "ልጄ፣ እስቲ እየው፣ ብሬ ወልዷል?" አሉኝ። ብር የሚባል ነገር የለም። አንድ ወጣት "ዲጂታል ገንዘብ ነው" ብሎ 3,000 ብር አስልኳቸዋል፤ በምትኩ የሰጣቸው በማላውቀው መተግበሪያ ላይ የሚታይ ቁጥር ነው። እንዴት አመኑት ብላቸው "ሬዲዮው ራሱ በየቀኑ ዲጂታል ገንዘብ ተጠቀሙ ይል የለ!" አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ልጁ ሌባ ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ። ግን ቃሉን ከየት አመጣው? ከእኛው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ያው ብራችን ነው፣ ስልክ ውስጥ ገባ። ቢትኮይንና መሰሎቹ፣ ክሪፕቶ የሚባሉት፣ ደግሞ ብር አይደሉም፣ ከጀርባቸው ባንክም መንግሥትም የለም። እናንተ ራሳችሁ በ2014 በክሪፕቶ መክፈል ሕገወጥ ነው ብላችኋል። ሦስተኛ ደግሞ አለ፣ አንዳንድ አገር ማዕከላዊ ባንኩ ራሱ የሚያወጣው። ሦስቱም በእኛ አፍ "ዲጂታል ገንዘብ" ናቸው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ኃይል በኮምፒውተር ቢትኮይን ለሚያመርቱ ድርጅቶች መብራት ሸጧል ሲባል ሰው ይሰማል፣ ታዲያ ተፈቅዷል ማለት ነው ይላል። ማምረቱና መክፈሉ ሁለት ነገር መሆኑን ማን ይንገረው?

ይባስ ብሎ "ዋሌት" የሚባል አለ፣ ቦርሳ ማለት ነው፤ የስልክ ብሩንም የክሪፕቶውንም ማስቀመጫ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የስልክ ብር ፒን ቢጠፋብኝ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ አስቀይራለሁ። የክሪፕቶ ዋሌት ቁልፍ የጠፋበት ሰው ግን የሚሄድበት ቢሮ የለውም፣ ገንዘቡ እዚያው እያየው ይቀራል። እኚያ እናት ይህን በአንድ ቃል እንዴት ይለዩት?

"ግብይት" የሚለውንም ቃል አስወግዱልን። እኚሁ ጎረቤቴ ኮምቦልቻ ላለች ልጃቸው 500 ብር ልከው "ግብይቱ ተከናውኗል" የሚል መልእክት ሲደርሳቸው "ምን ገዛሁ?" ብለው ደንግጠዋል። "ልከዋል" ቢባል ምን ይጎድላል?

እኔ ብሆን ስልክ ላይ ያለውን "የስልክ ብር" እለዋለሁ፣ ክሪፕቶን "ክሪፕቶ" ብዬ እተወዋለሁ፤ "ገንዘብ" የሚለውን ቅጥያ ግን አልሰጠውም፣ ያ ቃል ነው ሰው የሚያምነው። ማዕከላዊ ባንክ ለሚያወጣው ከፈለጋችሁ "ዲጂታል ብር" በሉት፣ ስሙን ለሌላ ሳታባክኑ። የቋንቋ ሰዎች የተሻለ ያመጡ ይሆናል፣ አልከራከርም። ብቻ አንዱን ምረጡና ባንኮቹም፣ ቴሌውም፣ ሬዲዮውም እሱኑ ይበሉ።

ከማጽደቃችሁ በፊት ግን አንድ ሰው ላኩና ቃላቱን ለጎረቤቴ ያንብብላቸው፣ ከገባቸው ለሁሉም ገባ ማለት ነው። ቡና በእኔ። ሰኞ ባይሆን ይሻላል፣ ሰኞ ገበያ ነው፣ ማንም ፋታ የለውም።