ከንፈሩን ሳይገልጡ «ጤናማ» ብሎ ስለ መፈረም

ለእንስሳት ሕክምና ክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዓመታዊ የክትትል ውል የተካተተው የጥርስ ምርመራ ባለመደረጉ የቀረበ ቅሬታ

ቡቺ ለተባለው ትንሽ ውሻዬ ከክሊኒካችሁ ጋር የዓመት ውል ስገባ ከተዘረዘሩት አገልግሎቶች አንዱ «የአፍና የጥርስ ምርመራ» ነበር። ክፍያውን አጠናቅቄያለሁ። የክትትል ካርዱ እጄ ላይ አለ፤ ከ«ጥርስ» ትይዩ በየቀጠሮው «ጤናማ» ተብሎ ተፈርሞበታል። የማን ፊርማ እንደሆነ ማንበብ አልቻልኩም፤ የሐኪም እጅ ጽሑፍ ለሰውም ለውሻም አንድ ነው መሰለኝ። ሁልጊዜም ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ነበርና የቡቺን ከንፈር ገለጥ አድርጎ ያየ ባለሙያ እንዳልነበረ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ክብደቱ ይመዘናል፣ ክትባቱ ይሰጣል፣ ካርዱ ይፈረማል።

የአፉ ጠረን መለወጡን ስናገር «የውሻ አፍ መቼም እንደዚሁ ነው» ተባልኩ። ቀጥሎ በግራ አፍንጫው ንፍጥ ይወርደውና ያስነጥሰው ጀመር። በግራ ብቻ መሆኑን አበክሬ ተናግሬያለሁ፤ ካርዱም ላይ በራሳችሁ እጅ ተጽፏል። እናንተ ግን ጉንፋን ነው ብላችሁ አንቲባዮቲክ አዘዛችሁ። ሲወስድ ቀለል ይለዋል፣ ሲያልቅ ይመለስበታል፣ ያው መድኃኒት በድጋሚ ይታዘዛል። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ከረመ።

ቡቺ ምግቡን አንሥቶ መልሶ መጣል ሲጀምር ሌላ ክሊኒክ ወሰድኩት። እዚያ ያሉት ሐኪም ከምንም በፊት ከንፈሩን ገልጠው አሳዩኝ። የላይኛው የግራ ክራንቻ እንደ ድንጋይ በጠጠረ ቡናማ ቆሻሻ ተሸፍኗል፤ ከጎኑ ድሮ መውለቅ የነበረበት የወተት ክራንቻ ተጣብቆ ቆሟል፤ በሁለቱ መካከል ፀጉርና የምግብ ትርፍራፊ ተወትፏል። ቡቺ በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ በክራንቻው ውስጠኛ ጎን ቀጭን መለኪያ ወደ ድዱ ሲገባ ደሙ በአፍንጫው ወጣ። በክራንቻ ሥርና በአፍንጫ መካከል ያለው አጥንት ስስ ነው፤ ኢንፌክሽኑ እሱን በልቶ ቀዳዳ ከፍቷል። ጉንፋን ያላችሁት ይህንን ነው። ክራንቻው ተነቀለ፣ ቀዳዳውም በድድ ሥጋ ተሸፍኖ ተሰፋ።

ይህ ለእንስሳት ሐኪም አዲስ ነገር አይደለም። ትንሹም ውሻ እንደ ትልቁ 42 ቋሚ ጥርሶች አሉት፤ በጠባብ መንጋጋ ላይ ስለሚጨናነቁ ምግብ ይይዛሉ፣ ድዱም ቶሎ ይታመማል። የወተት ክራንቻ ደግሞ ቋሚው ሲወጣ ካልወለቀ መነቀል አለበት። ቡቺ በሰባት ወሩ እናንተው ዘንድ ሲኮላሽ በማደንዘዣ ተኝቶ ነበር። ያን ዕለት አፉን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ጥርስ እዚያው በተነቀለ ነበር።

ቅሬታዬን በስልክ ሳሰማ የቀረበልኝ ካሣ ያለ ማደንዘዣ የሚደረግ ነጻ የጥርስ ማጽዳት ነው። አልቀበልም። ነቅቶ የሚታገል ውሻ ጥርሱ ከላይ ተፍቆ ሊነጣ ይችላል፤ በሽታው ያለው ግን ከድዱ ሥር ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ጥርስ ሕክምና ኮሌጅም ይህን አሠራር የሚቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ጥሪ ስለ ጥርስ ሳሙና ብጠይቅ «የሰውም ይሆናል» ተባልኩ። በአንዳንዱ የሰው የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ የውሻን የደም ስኳር በድንገት አውርዶ ሊገድል እንደሚችል ስልክ ለሚያነሡ ሠራተኞቻችሁ ቢነገር መልካም ነው።

ስለዚህ የውሉ ክፍያና ለ«ጉንፋኑ» መድኃኒት ያወጣሁት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ የቀዶ ሕክምናውን ወጪ እንድትሸፍኑ፣ የቡቺ ሙሉ የሕክምና ማኅደር ቅጂም እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የክፍያ ደረሰኞቹን፣ የካርዱን ቅጂና የሐኪሙን የጽሑፍ ማስረጃ አያይዣለሁ። በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የቡቺ ባለቤት