ለጥንድ ውድድር ጥንድ ይመረጥ

ክቡር አዘጋጅ፣

የፖላንድ የስፒድዌይ (በአፈር ሜዳ ላይ የሚካሄድ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም) ብሔራዊ ቡድን ምርጫ የተወዳዳሪዎችን የሊግ አማካይ ነጥብ ብቻ መመዘኛ ማድረግ የለበትም። ባርቶሽ ዝማርዝሊክ ደጋግሞ የዓለም ሻምፒዮን የሆነላት አገር፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 በተካሄዱት፣ አገሮች በጥንድ ተወዳዳሪዎች በሚፋለሙባቸው የስፒድዌይ ኦፍ ኔሽንስ ውድድሮች አንድም ጊዜ አላሸነፈችም፤ ብሪታንያ ግን በ2021 እና በ2024 ማንቸስተር ላይ አሸንፋለች። በ2024 ሁለት ጥንዶች በሚገናኙበት በእያንዳንዱ እሽቅድምድም ነጥቡ ከአንደኛ እስከ አራተኛ 4፣ 3፣ 2 እና 0 ስለነበር፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡ የቡድን ጓደኛሞች 5 ነጥብ ይዘው፣ አንደኛና መጨረሻ ወጥተው 4 ነጥብ የያዙትን ይበልጣሉ። ስለዚህ ፍሬን በሌለው ሞተር ሳይክል የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሲይዝ ለጓደኛው መስመር የሚተውለት፣ ከክለቡ ሜዳ ውጭም ነጥብ የሚያመጣ ተወዳዳሪ ሊቀድም ይገባል፤ ይህም፣ ለባለዝናዎች ቢከብድም፣ በወቅታዊ ብቃት መወሰን አለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርቱ ተከታታይ