የነርሲንግ ተግባር ትምህርት በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይመዘን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች በአጠቃላይ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስለ ጤና ትምህርት ጥራት ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ በሚለው ላይ ይቆማል። ፈተናው በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ እንደመሆኑ ተማሪው ያጠናውን እንጂ እጁ የለመደውን አያሳይም፤ እጁን ያለማመደው ሰው እንዴት እንዳስተማረውማ ከነጭራሹ አይነካውም። በሰሜን ሸዋ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ለአታችመንት (ለሆስፒታል የተግባር ልምምድ) የሚመጡ የነርሲንግ ተማሪዎችን የምቀበል ነርስ ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቤን ማቅረብ እወዳለሁ።

እኔ ባለሁበት የተግባር መምህሩ የሚመዘነው ለክፍል ትምህርት በተዘጋጀው ቅጽ፣ ያውም በሴሚስተሩ መጨረሻ ነው። ቅጹ መምህሩ ሰዓት ያከብር እንደሆነ፣ ኮርሱን ጨርሶ እንደሆነ ይጠይቃል። ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበት ክፍል) ውስጥ ግን ጠዋት መምህሩ ተማሪዎቹን መድቦ ሌላ ቡድን ሊያይ ከሄደ በኋላ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ሲተከል፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባ አጠገባቸው የምትቆመው የዋርዱ ነርስ ናት። ይህች ነርስ በቅጹ ላይ የለችም፤ በመሆኑም አብዛኛውን ያስተማረችው ሳትመዘን ትቀራለች። ተማሪው የሠራውን እየመዘገበ የሚያስፈርምበት ሎግ ቡክም ቢሆን የሚያጽናና አይደለም። በአታችመንቱ የመጨረሻ ዓርብ ተማሪዎች ተሰልፈው የሳምንታት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲፈረምላቸው አይቻለሁ። ፈራሚውን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ በሽተኛውና ተማሪው እኩል የሚጠብቁት ሰው ነውና።

ምን መታየት እንዳለበት በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አገራችን ብርድ ነው፤ የመንዝና የተጉለት ገበሬ ሹራብ ላይ ኮት፣ ኮት ላይ ጋቢ ደርቦ ይመጣል። ተማሪው እንዳያስቸግራቸው ብሎ የደም ግፊት መለኪያውን በእጅጌው ላይ ጠቅልሎ ቁጥሩን ይመዘግባል። አንዳንዱ መምህር ቁጥሩን አይቶ ያልፋል። ጎበዙ መምህር ግን «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብሎ ክንዳቸውን ያስገልጣል፣ አምስት ደቂቃ ያሳርፋቸዋል፣ ክንዳቸውን በልብ ትክክል ያስደግፋል፤ ተማሪው እንደገና ግፊታቸውን እንዲለካና የሁለቱ ንባብ ለምን እንደተለያየ ራሱ እንዲናገር ያደርጋል፤ በሽተኛው ፊትም አያዋርደውም። በእነዚህ ሁለት መምህራን መካከል ያለውን ልዩነት «ሰዓት ያከብራል» የሚል ሣጥን አይይዘውም።

መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። በካናዳ የተዘጋጀና ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 48 ነጥብ መጠይቅ የተግባር መምህሩን በማስተማር ችሎታው፣ በነርስነት ብቃቱ፣ በምዘና አሰጣጡ፣ ከተማሪ ጋር ባለው ግንኙነትና በጠባዩ ይመዝናል። እንዳለ ይገልበጥ አልልም፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ለሚቆምበት ዋርዳችን መስተካከል አለበት። መጠይቅ ብቻውንም አይበቃም፤ ተማሪ የሚወደው ሁሉ ጥሩ አስተማሪ አይደለምና የሥራ ባልደረባ አልጋው አጠገብ ቆሞ ማየት ይኖርበታል።

ስለዚህ በዞናችን ነርስ የሚያሠለጥኑ ተቋማት ምዘናውን በሴሚስተሩ ማብቂያ ሳይሆን ተማሪው ከእያንዳንዱ ዋርድ ሲወጣ፣ ስም ሳይጻፍበትና ውጤት ከተለጠፈ በኋላ በሚከፈት ፖስታ እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። የምታስተምረው የዋርድ ነርስም ሥልጠና ታግኝ፣ በተረኛ ድልድሉ ላይ የማስተማሪያ ሰዓት ይያዝላት፤ ከዚያ በኋላ እሷም ትመዘን። ሰዓት ሳይሰጧት መመዘን ሌላ በደል ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ነርስ፣ ከሰሜን ሸዋ